ጁላይ 1 ሳይደርስ ሽጡት፤ የሆኪ ወዳጆች የተቧቀሱበት ክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት መድረኩን ውይይት፣ የከፈተው ሰው የኒውዮርክ አይላንደርስ ደጋፊ ነው። በጥያቄ መልክ ያቅርበው እንጂ የጻፈው ፍርድ ነው። አንድ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ክለብ ኮንትራቱ ሊያልቅ የደረሰ ተጫዋች ካለው፣ ተጫዋቹም የልውውጥ መዝጊያው ቀን እስኪደርስ ካልፈረመ፣ ወዲያው በልውውጥ ለሌላ ክለብ ይስጠው ይላል። ኮከብ ይሁን አምበል፣ ልዩነት የለም። ማስረጃው ጆን ታቫሬስ ነው። አይላንደርስ በ2009 በድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት) አንደኛ አድርጎ መረጠው፣ አሳደገው፣ አምበል አደረገው። በ2018 መዝጊያው ቀን ሲደርስ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ክለቡ አመነውና አቆየው። ቡድኑ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ሳይገባ ቀረ። ጁላይ 1 ላይ ታቫሬስ ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የ7 ዓመት፣ የ77 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። አይላንደርስ በምትኩ አንዲት የድራፍት ዕድል እንኳ አላገኘም። ይህን ሲጽፍ ሰውየው ዛሬም እንደሚያንገበግበው ያስታውቃል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1 ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ሌላ ያመጣው ነገር የለም።

መልስ 2 ከእግር ኳስ የመጣ ሰው ነው። እንደ አዲስ ሰው ይቅርታ ጠይቆ፣ ክለቡ ለምን በገንዘብ እንደማይሸጠው ጠየቀ። መልስ 3 በእርጋታ አስረዳው። በዚህ ሊግ የዝውውር ክፍያ የለም። ተጫዋች የሚሄደው በሌላ ተጫዋች፣ ገና ባልበሰለ ወጣት ወይም በድራፍት ዕድል ነው። ድራፍቱ 7 ዙር አለው፣ 32ቱ ክለቦች ተራ በተራ ወጣቶችን ይመርጣሉ። የ1ኛ ዙር ዕድል በክለቦቹ መሃል እንደ ገንዘብ ትሠራለች። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። በ2024-25 ለአንድ ክለብ 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025-26 ወደ 95.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ሀብታሙም ክለብ ብሩን አፍስሶ ሁሉንም መሰብሰብ አይችልም። የልውውጡ በር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች መጀመሪያ ነው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ደግሞ ጁላይ 1 ላይ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ሁለት ቀናት መሃል ባሉት አራት ወራት ላይ ነው።

መልስ 4 ከፋቹን አረመው፣ በጨዋ ደንብ። ውሉ የሚያልቅ ሁሉ እኩል አይደለም አለ። እንደልቡ የሚሄደው ዕድሜው 27 የሞላ ወይም በሊጉ 7 ዓመት ያገለገለ ነው። ከዚያ በታች ያለው ወጣት ውሉ ቢያልቅም የክለቡ እጅ ከላዩ አይነሳም። ሌላ ክለብ ደመወዝ አቅርቦለት ሊወስደው ቢሞክር፣ የራሱ ክለብ ያንኑ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ካልሆነም እንደ ደመወዙ መጠን በድራፍት ዕድል ይካሳል። በኦገስት 2024 ሴንት ሉዊስ ብሉስ ከኤድመንተን ኦይለርስ ፊሊፕ ብሮበርግንና ዲላን ሆሎዌይን በአንድ ጊዜ የወሰዳቸው በዚህ መንገድ ነበር። ኤድመንተን አንድ የ2ኛ ዙርና አንድ የ3ኛ ዙር ዕድል ተቀብሎ አሰናበታቸው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ትልልቆቹ ብቻ ነው። ከፋቹ አመሰገነ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባሉ ነው።

ክሩን ያሞቀው መልስ 5 ነው። ጸሐፊው የኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ ደጋፊ ነው፣ ረጅም ነው የጻፈው። በ2018-19 የክለቡ ሁለት ምሰሶዎች፣ አጥቂው አርቴሚ ፓናሪንና ግብ ጠባቂው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ፣ ውላቸው ሊያልቅ ነበር። ሁለቱም ሊሄዱ እንደሚችሉ አገር ያወቀው ነገር ነው። ሥራ አስኪያጁ ያርሞ ኬካላይነን ግን አልሸጣቸውም። ይባስ ብሎ ከኦታዋ ማት ዱሼንንና ራያን ዚንግልን አመጣ። የእነሱም ውል በዚያው ዓመት የሚያልቅ ነው። ወጣቶቹንና የድራፍት ዕድሎቹን ለጥቂት ወራት አስያዘ ማለት ነው።

ኤፕሪል ላይ በፕሌይኦፍ ከታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ጋር ተገናኙ። ታምፓ በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ሪከርድ የተጋራ ቡድን ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 0 መራ። ኮሎምበስ ተመልሶ 4 ለ 3 አሸነፈ። ከዚያም ሦስቱንም ደገመ፣ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0። ክለቡ በ2000 ሊጉን ከተቀላቀለ ጀምሮ አንድም የፕሌይኦፍ ዙር አልፎ አያውቅም ነበር። መልስ 5 እንደጻፈው፣ ያንን ሳምንት በ1ኛ ዙር ዕድል ለውጥ ቢሉት አይለውጥም። እዚህ ላይ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። ቢሆንም ያንን ጨዋታ ያየ ሰው ይቅር ይለዋል።

መልስ 6 ይቅር አላለውም። ቦስተን በሚቀጥለው ዙር አባረራቸው አለ። ጁላይ 1 ላይ ፓናሪን ለኒውዮርክ ሬንጀርስ በ7 ዓመት 81.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ቦብሮቭስኪ በ7 ዓመት 70 ሚሊዮን ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። ዱሼን ወደ ናሽቪል፣ ዚንግል ወደ ካሮላይና። በአንድ ጀምበር ቤቱ ተራቆተ። ከ2021 እስከ 2025 ኮሎምበስ ፕሌይኦፍ የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። ቦብሮቭስኪ ደግሞ ከፍሎሪዳ ጋር በ2024ም በ2025ም የስታንሊ ዋንጫን (የሊጉን ትልቁን ዋንጫ) አነሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 7 አንድ ነገር አስታወሰው። በ2020ም ኮሎምበስ በማጣሪያው ዙር ቶሮንቶን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 ጥሎ ነበር። እነ ፓናሪን ከሄዱ በኋላ ማለት ነው። ለቶሮንቶ ይጫወት የነበረው ደግሞ ታቫሬስ ነው። ይህ ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ክሩ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳቅ ከዚህ መጣች።

መልስ 8 የገንዘቡን ጉዳይ አነሳ። ተጫዋቾች ደመወዛቸውን የሚያገኙት በመደበኛው ውድድር ነው። በፕሌይኦፍ የሚካፈሉት ሊጉ ከመደበው የሽልማት ገንዘብ ነው። ባለቤቱ ግን በሜዳው በሚደረግ እያንዳንዱ ጨዋታ ትኬት ይሸጣል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፕሌይኦፍ እየገሰገሰ ያለ ቡድን ይዞ ኮከቡን ልሽጠው ብሎ ባለቤቱ ቢሮ ቢገባ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ድራፍት ዕድል አይደለም። ይህን ያህል አጭርና ቁም ነገር የያዘ መልስ እዚያ ብዙ የለም። ማንም ግን አልመለሰለትም።

ከፋቹ በመልስ 9 ተመልሶ መጣ፣ አሁን ቆጣ ብሎ። አንድ ዙር ማለፍ እንደ ዋንጫ መቆጠሩ አስገርሞታል። ምሳሌ ከተፈለገ ይኸው አለና በፌብሩዋሪ 2018 ሴንት ሉዊስ ያደረገውን አመጣ። ቡድኑ ለፕሌይኦፍ እየተፋለመ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሥራ አስኪያጁ ውሉ የሚያልቀውን ፖል ስታስትኒን ለዊኒፔግ ሰጥቶ የ1ኛ ዙር ዕድል ተቀበለ። ደጋፊው ጮኸ። በዓመቱ ሴንት ሉዊስ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ቆራጥነት ማለት ይህ ነው ብሎ ዘጋ።

መልስ 10 ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ ያውቃል። በዚያ ዓመት ሴንት ሉዊስ ፕሌይኦፍ ያመለጠው በአንድ ነጥብ ነው፤ እሱ 94፣ ኮሎራዶ 95። ስታስትኒ ቢኖር ያቺ አንድ ነጥብ የማትገኝ ነበረች? የ2019ን ዋንጫ ያመጣውስ ያ የድራፍት ዕድል ነው እንዴ? በዋንጫው ፕሌይኦፍ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ራያን ኦራይሊ ነበር። እሱን ደግሞ ከቡፋሎ ያመጡት ጁላይ 1 ቀን 2018 በሌላ ልውውጥ ነው። ሁለት ነገሮች ተከታትለው ስለመጡ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው አለ። እኔም ከመልስ 10 ጋር ነኝ። በእነዚህ ክርክሮች ሁሉም ሰው ውጤቱን አይቶ ወደኋላ ነው የሚፈርደው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ነገሩ የከረረው መልስ 11 ላይ ነው። እርስዎ ቀርቶ አንተ የተባለውም እዚህ ነው። ጸሐፊው በቀጥታ ከፋቹ ላይ ወረደበት። የራስህን ክለብ ታሪክ አታውቅም አለው። ታቫሬስ ከሄደ በኋላ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ከዋሽንግተን ጋር ዋንጫ ያነሳው አሠልጣኝ ባሪ ትሮትስ አይላንደርስን ያዘ። በ2017-18 ከሊጉ ሁሉ ብዙ ጎል የተቆጠረበት ቡድን፣ በ2018-19 ከሁሉም ያነሰ የተቆጠረበት ሆነ። 103 ነጥብ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዙር ፒትስበርግን 4 ለ 0 ጠራረገ። በ2020ና በ2021 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2019 ታቫሬስ በቶሮንቶ ማሊያ ወደ ቀድሞ ሜዳው ሲመለስ ደጋፊው ፉጨቱን አወረደበት፣ የፕላስቲክ እባብ ወረወረበት። ጨዋታው በአይላንደርስ 6 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ። ባዶ እጁን ቀረ የተባለው ክለብ ይህ ነው። ከእሱ ጋር የሄደው 11 ሚሊዮን ዶላር የዓመት ደመወዝ ሌላ ሰው ለማስፈረም ክፍት ሆኖ ነበር። ይህ እንዴት ባዶ ይባላል?

ከፋቹ በመልስ 12 ንዴቱን ደበቀ ለማለት ያስቸግራል። ሁለቱንም ማግኘት ይቻል ነበር አለ፤ ትሮትስንም፣ የታቫሬስን ዋጋም። እውነቱን ነው። መልስ 11 በጩኸቱ መሃል ይህችን ዘለላት። የደመወዙ ቦታ ታቫሬስ በፌብሩዋሪ ቢሄድም በጁላይ ቢሄድም ይከፈታል።

መልስ 13 ስለ ካልጋሪ አነሳና መስመር ሳተ። በ2022 ጆኒ ጎድሮ ካልጋሪን ጥሎ ለኮሎምበስ ሲፈርም ክለቡ ምንም አላገኘም። መልስ 13 ይህን ሲጽፍ በተጫዋቹ ላይ የማይባል ቃል ተጠቀመ። መልስ 14 ያረመው በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጎድሮ በኦገስት 2024 ከወንድሙ ጋር ብስክሌት እየነዱ ሳለ መኪና ገጭቷቸው ሁለቱም አርፈዋል። ስለ ሟች ሲጻፍ በልክ ይሁን አለ። መልስ 13 ቃሉን አነሳ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ 15 ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። የካልጋሪን ታሪክ በቅደም ተከተል አስቀመጠው። በ2021-22 ካልጋሪ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፣ ጎድሮ 115 ነጥብ (ያስቆጠረውና ለጎል ያመቻቸው ተደምሮ) ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዙር ሰባተኛ ጨዋታ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ ዳላስን ያሰናበተችውን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። በዚያ ዓመት በመዝጊያው ቀን እሱን ለመሸጥ የሚደፍር ሥራ አስኪያጅ በዓለም ላይ የለም። ቢኖርም ማታውኑ ከሥራ ይባረራል። ክለቡ የተሳሳተው በማርች አይደለም ይላል መልስ 15። የተሳሳተው ካለ ከዚያ በፊት፣ የውሉ የመጨረሻ ዓመት ሳይጀመር ነው።

ማስረጃውን ከዚያው ቤት አመጣ። ጎድሮ በሄደ በቀናት ውስጥ ማቲው ካቻክ እሱም የረጅም ጊዜ ውል እንደማይፈርም ለክለቡ ነገረ። ካቻክ ነፃ ሊሆን ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ካልጋሪ በጁላይ 2022 ለፍሎሪዳ አሳልፎ ሰጠው፤ ከመሄዱ በፊት የ8 ዓመት ውል አስፈርሞት። በምትኩ ጆናታን ሁበርዶን፣ ማኬንዚ ዊጋርን፣ አንድ ወጣትና የ1ኛ ዙር ዕድል ተቀበለ። ሁለት የጸኑ የቡድኑ ዓምዶች! በመዝጊያው ቀን ለአራት ወር ተጫዋች ይህን የሚከፍል ማንም የለም። በ2024 ያው ካልጋሪ ኤልያስ ሊንድሆልምን፣ ክሪስ ታኔቭንና ኖዋ ሃኒፊንን ውላቸው ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ለየብቻ ለቀቃቸው። ትልቁ ዋጋ የተገኘው በሊንድሆልም ነው። ከቫንኩቨር አጥቂው አንድሬ ኩዝሜንኮ፣ የ1ኛ ዙር ዕድልና ገና ያልበሰሉ ወጣቶች መጡ። ለታኔቭ ከዳላስ የተገኘው ደግሞ የ2ኛ ዙር ዕድልና አንድ ወጣት ተከላካይ፣ በሁኔታ ላይ ከተመሠረተ የ3ኛ ዙር ዕድል ጋር ነው። ልዩነቱን አስተውሉ አለ።

መልስ 16 በካቻክ ልውውጥ ማን አተረፈ ብሎ አሾፈ። ፍሎሪዳ በ2023 ለፍጻሜ ደረሰ፣ በ2024ና በ2025 ዋንጫ በላ። ሁበርዶ በ84 ሚሊዮን ዶላር የ8 ዓመት ውል ፈርሞ በፍሎሪዳ የነበረውን ጨዋታ በካልጋሪ ሳያሳይ ቆየ። ይህም እውነት ነው። ግን መልስ 15 የተናገረው ስለ ጥሩ ዋጋ እንጂ ስለ ጥሩ ዕድል አይደለም። የተቀበልከውን ሁሉ በአግባቡ መጠቀም ሌላ ሙያ ነው።

መልስ 17 ተጫዋቹንም ጠይቁት እንጂ አለ። ብዙዎቹ ትልልቅ ተጫዋቾች በውላቸው ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው የትም እንዳይሄዱ የሚከለክል አንቀጽ አላቸው። በማርች 2013 ካልጋሪ ጃሮም ኢጊንላን ሲለቅ ቦስተን ስምምነቱ ያለቀ መስሎት ነበር። ኢጊንላ ግን ፒትስበርግን መረጠ። ካልጋሪ ያገኘው አንድ የ1ኛ ዙር ዕድልና ሁለት ወጣቶች ነው። ለስንት ዓመት ላገለገለ አምበል! በዚያው ዓመት ቦስተን ፒትስበርግን በአራት ጨዋታ ጠራረገው፤ ፒትስበርግ በአራቱ ሁለት ጎል ብቻ ነው ያስቆጠረው። ኢጊንላም ከዚያ በኋላ ለቦስተን ፈረመ። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ ያሰኛል። መልስ 18 ሚች ማርነርን ጨመረ። በ2025 ቶሮንቶ ያለ ፈቃዱ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም ነበር። በመጨረሻ ገበያው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁን 30 ላይ፣ የ8 ዓመት የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈርሞ ለቬጋስ ሰጠው። ያገኘው አጥቂውን ኒኮላ ሯን ነው። ከምንም ይሻላል፤ ብዙም አይሻልም።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 19 ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ ስለ ዴቪድ ኤይርስ ጻፈ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ካሮላይና በቶሮንቶ ሜዳ ሲጫወት ሁለቱም ግብ ጠባቂዎቹ ተጎዱ። በሕጉ መሠረት በሜዳው ተጠባባቂ የነበረው ሰው ገባ። የ42 ዓመት ሰው ነው፣ ሥራው የበረዶ ማለስለሻ ማሽን መንዳት ነበር። ከተተኮሱበት 10 ምቶች 8ቱን አዳነ፣ ካሮላይና 6 ለ 3 አሸነፈ። መልስ 20 የኤይርስ ውል ያለቀው በዚያው ሌሊት ስለሆነ፣ በከፋቹ ሕግ መሠረት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መሃል ሊሸጥ ይገባ ነበር አለ። ከፋቹ ራሱ ሳቀ። መልስ 21 ደግሞ ነገሩን ወደ እግር ኳስ ወሰደው። ዶርትሙንድ ሌቫንዶቭስኪን እስከ መጨረሻው ቀን አቆይቶ በ2014 በነፃ ለባየርን አስረከበ፤ እነሱም ከአንድ ዓመት ዋጋ የእሱን ጎሎች መረጡ። መልስ 2 በደስታ ብቅ አለ። ቢያንስ አሁን የሚያውቀው ስም ተነሳለት።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሳቸው መልስ 22 ነው፣ በሚኮ ራንታነን። በጃንዋሪ 2025 ኮሎራዶ ልክ ከፋቹ እንደሚለው አደረገ፤ እንዲያውም ከመዝጊያው ቀን ስድስት ሳምንት ያህል ቀድሞ። ከራንታነን ጋር በደመወዝ አልተስማማም፣ ለካሮላይና ሰጠው። ማርቲን ኔቻስንና ጃክ ድሩሪን ከድራፍት ዕድሎች ጋር ተቀበለ። ካሮላይናም ራንታነን እንደማይፈርም ሲገባው ማርች 7 ላይ፣ በመዝጊያው ቀን፣ ለዳላስ አሳልፎ ሰጠው። ሎገን ስታንኮቨን፣ ሁለት የ1ኛ ዙርና ሁለት የ3ኛ ዙር ዕድል ወሰደ። ራንታነን ከዳላስ ጋር የ8 ዓመት የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። አንድ ተጫዋች በአንድ ዓመት ሦስት ማሊያ ለበሰ። ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ዳላስ ከማን ጋር ተገናኘ? ከኮሎራዶ ጋር። በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ኮሎራዶ 2 ለ 0 እየመራ ሳለ ራንታነን ሦስት ጎል አስቆጠረ። ዳላስ 4 ለ 2 አሸነፈ፣ ኮሎራዶ ቤቱ ገባ።

መልስ 22 ይህን ሲጽፍ ከፋቹን የቀበረው መስሎታል። መልስ 23 አልቀበልም አለ። ካሮላይና ራንታነን በሌለበት እስከ ምሥራቅ ፍጻሜ (ከሊጉ ፍጻሜ በፊት እስካለው ዙር) ሄዷል፣ ስታንኮቨንም ለረጅም ጊዜ ፈርሟል። ኮሎራዶም ኔቻስን በኦክቶበር 2025 ለ8 ዓመት አስፈርሟል። የተሸነፈው ማን እንደሆነ በአንድ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አይታወቅም።

እዚህ ላይ እኔም ልግባ። ክሩ ውስጥ አስራ ምናምን ምሳሌ አለ፣ ሁሉም ሰው ለሚፈልገው ወገን ይጎትተዋል። የማይጎተት ነገር ግን አንድ አለ፤ ዋጋው። ገዢው ተጫዋቹን ካስፈረመው ወይም አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ከቀረው፣ እንደ ካቻክና እንደ ዳላሱ ራንታነን፣ ዓምድ ይሰጣል። አራት ወር ብቻ ለሚከራየው ተጫዋች የሚሰጠው ግን የ1ኛ ዙር ዕድል ነው፣ ያውም መጨረሻ ላይ የምትመረጥ፤ ምክንያቱም የሚገዛው ጠንካራ ቡድን ነው፣ ጠንካራ ቡድን ደግሞ በድራፍት ወደ ኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ በማርች ሸጠ ተብሎ የሚወደሰውም፣ አልሸጠም ተብሎ የሚወቀሰውም ሥራ አስኪያጅ የሚከራከርበት እቃ ትንሽ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለፈው ዓመት ጁላይ ላይ ነበር፣ ያኔ ማንም ክር አልከፈተም። ቡድኑ ከታች ከሆነ በማርችም ቢሆን ይሽጥ፣ ያቺም ዕድል ከምንም ትሻላለች። ወደ ፕሌይኦፍ እየገሰገሰ ያለ ቡድን ግን ለአንዲት የኋላ ዕድል ብሎ ኮከቡን ከሜዳ ማውጣቱ አይገባኝም።

መልስ 24 የቦስተኑን አምበል ብራድ ማርሻንድን አስታወሰ። በማርች 7 ቀን 2025፣ ራንታነን በተሸጠበት በዚያው ቀን፣ ቦስተን ለፍሎሪዳ ሰጠው። ቦስተን በዚያ ዓመት ከታች ነበር። የተቀበለው በሁኔታ ላይ የተመሠረተ የ2ኛ ዙር ዕድል ነው፤ ፍሎሪዳ ርቆ ሲሄድ ወደ 1ኛ ዙር ተቀየረ። ማርሻንድ በፍጻሜው ስድስት ጎል አስቆጥሮ ዋንጫውን አነሳ። ለክለቡም ለሰውየውም የበጀ ሽያጭ ካለ ይህ ነው አለ መልስ 24። ከፋቹን ጨምሮ የተቃወመ የለም። መልስ 25 ደግሞ ሽያጭ ሁልጊዜ ስንብት አይደለም ብሎ የካቻክን አባት አመጣ። ሴንት ሉዊስ በ2007 ኪት ካቻክን ለአትላንታ ሰጥቶ የ1ኛ ዙር ዕድል ጭምር ተቀበለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱ ኪት ተመልሶ ለሴንት ሉዊስ ፈረመ። መልስ 26 ይህን ብልጠት ነው አለ፣ መልስ 27 ማጭበርበር ነው አለ። ሕጉ አይከለክልም።

መልስ 28 ከፋቹ ነው። ሕጉን አሻሻለ። ቡድኑ በመዝጊያው ቀን የፕሌይኦፍ ቦታ ውስጥ ካለ ኮከቡን ያቆይ፣ ከሌለ ይሽጥ። የ2018ቱ አይላንደርስ ከውጭ ስለነበር ታቫሬስ መሸጥ ነበረበት የሚለውን ግን አልለቀቀም። መልስ 11 ወዲያው ተመልሶ የ2016ቱን ስቲቨን ስታምኮስን አነሳበት። ታምፓ አምበሉን ሳይሸጥ ጠበቀ። ገበያው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ስታምኮስ የ8 ዓመት የ68 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ2020ና በ2021 ዋንጫ ያነሳው አምበል እሱ ነው። ከፋቹ ታምፓ ያኔ ፕሌይኦፍ ውስጥ እንደነበርና ይህ የእሱን አዲሱን ሕግ እንደሚያጸና መለሰ። በዚህ ዙር ያሸነፈው እሱ ነው።

የመጨረሻው፣ መልስ 31፣ ሌላ በር ከፈተ። እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ ባለው ደንብ የራስህን ተጫዋች ለ8 ዓመት ማስፈረም ትችላለህ፣ የሌላውን ነፃ ተጫዋች ግን ለ7 ብቻ። ማርነር አስቀድሞ ፈርሞ በልውውጥ የሄደው ያቺን ስምንተኛ ዓመት ለማግኘት ነው። ሊጉና ተጫዋቾቹ ባደረጉት አዲስ ስምምነት መሠረት ከዚያ በኋላ ገደቡ ወደ 7ና ወደ 6 ይወርዳል። የደመወዝ ጣሪያው ደግሞ እያሻቀበ ነው፤ ለ2026-27 ወደ 104 ሚሊዮን ዶላር። ጣሪያው በየዓመቱ ከፍ ካለ ተጫዋቹ ቀድሞ ለመፈረም ምን ያስቸኩለዋል? ካልቸኮለስ ክለቡ በመጨረሻው ዓመት ዋዜማ ጁላይ ላይ ቢጠይቀው ምን መልስ ያገኛል? ከፋቹ አስቦበት እንደሚመለስ ጻፈ።